ሚስቴ አፌን ተሳለች

ጃንጥላ የሚሳል ሰው አውቃለሁ። ጧፍ፣ መጋረጃ፣ ሙክት የሚሳልም አውቃለሁ። የእኔ ሚስት ይታይሽ ግን የተሳለችው የእኔን አፍ ነው።

ከመነሻው ልንገራችሁ። ይታይሽ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጨንግፎባታል። ሦስተኛውን ስታረግዝ ለእኔ ሳትነግረኝ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበርክካ፣ «ይኸን ልጅ በሰላም ካስታቀፍሽኝ፣ ባሌ ገዳም ገብቶ አንድ ቀን ሙሉ ቃል ሳይተነፍስ ይውልልሻል» አለች። እኔ ይህን የሰማሁት ልጅቱ ተወልዳ፣ ገንፎው ተበልቶ፣ እልል ያለው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ ነው።

«ምነው ጃንጥላ ብትሳይ?» አልኋት።

«ጃንጥላማ ማንም ይሰጣል። እመቤቴ አይታው የማታውቀውን ነገር ልስጣት ብዬ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ባሕር ዳር ከሚገኝ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። መፍቻ ሊወስድ የመጣ መካኒክ መፍቻውን የሚያገኘው፣ መፍቻው ከየት እንደመጣ፣ ባለፈው ማን ወስዶት እንደነበረና የዚያ ሰውዬ ትዳር ምን ላይ እንደደረሰ ከሰማ በኋላ ነው። በእንቅልፌም እናገራለሁ። ይታይሽ እንደምትለው ከሆነ የእንቅልፉ ይሻላል፤ ቶሎ ያልቃል።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይቁም። ይታይሽ ስእለቱ እስኪገባ ድረስ ልጅቱን በስም አልጠራም ብላ ነበር። «ልጅቱ» ነው የምትላት። እኔም «ልጅቱ»፣ ጎረቤቱም «ልጅቱ»። ስም ካወጣሁላት ትሄድብኛለች ብላ ፈርታለች። ሌት ከቀን እጇን ልጅቱ ደረት ላይ ጣል አድርጋ ትንፋሿን ታዳምጣለች፤ ወጥ ስታማስል እንኳ አንድ እጇ እዚያው ነው። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነውና፣ «እስከ ክርስትናው ስእለቴ ካልገባ…» ትልና ዓረፍተ ነገሩን ትተወዋለች። እኔ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ይህንን ግን ልጨርሰው አልደፈርሁም።

ገዳሙ ዘጌ ነው። ከጫካው ውስጥ፣ ሴት ከበሩ የማታልፍበት። እዚያ አባ ወልደ ሐና የሚባሉ፣ ሰውነታቸው እንደ ጧፍ የቀጠነ፣ አነጋገራቸው ግን ጨው ያለው አባት አሉ። የደመወዝ ሠራተኛ ሰባት ቀን ሱባኤ መግባት እንደማይችል አይተው፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ የአንድ ቀን ሱባኤ አዘጋጁ። ሕጉ አጭር ነው። ጠዋት ደወል ይደወላል፤ ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ደወል ድረስ መነኩሴውም፣ የከተማው ሰውም፣ አባ ራሳቸውም አብረው ተቀምጠው በልባቸው ይጸልያሉ። ቃል የለም።

የመጀመሪያው ጉዞዬ የከሸፈው በእንቅልፍ ነው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ያን ጊዜ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ፣ ረቡዕ የማኅበር ስብሰባ፣ ዓርብ የውይይት ክበብ ነበረ። እኔም እንደ ሌላው ሰው ተቀምጦ መተኛትን ተምሬያለሁ። ድምፅ ሲሰጥ አጠገቤ ያለው ሰው በክርኑ ጎሸም ያደርገኛል፤ እጄ ከእኔ ቀድማ ትነቃለች፤ ውሳኔው ያልፋል። እና ገዳሙ ውስጥ እኩለ ቀን ሲሆን ተኛሁ። ትከሻቸው ላይ የተደገፍሁባቸው ሽማግሌ ደከማቸውና በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። እጄን ወደ ላይ ሰድጄ፣ «በሙሉ ልብ እደግፋለሁ!» አልሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ አስተጋባው። እርግቦቹ ከጣሪያው ተነሡ።

ደወሉ ሲደወል አባ ወልደ ሐና ጠሩኝና፣ «ምኑን ነው የደገፍኸው ልጄ?» አሉኝ። «አላውቅም አባ» ስላቸው፣ «እንግዲያው በሚቀጥለው ወር ናና እወቀው» ብለው አሰናበቱኝ። ለይታይሽ እውነቱን ነገርኋት። ብትጮህብኝ በወደድሁ። ሄዳ እጇን ልጅቱ ደረት ላይ አደረገች።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሲመጣ ለክርስትናው አንድ ሳምንት ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ በዓል ውሎ ነበር፤ በዚህኛው ግን እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ ስላለ ፈቃድ ያስፈልገኛል። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ የፋብሪካችን የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ወርቁ ነው። ጓድ ወርቁን ለማታውቁት፣ ውኃ ሳይጠጣ ሦስት ሰዓት የሚናገር ሰው ነው። በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ምርትን እንዴት እንደሚቀንስ አስተምሮን ነበር። ስለዚህ ገዳም ልሄድ ነው አልልም። አንበሳሜ ያለች አክስቴ ታማለች አልሁት።

«ምኗን?»

ኩላሊቷን ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን እኔ ነኝና ኩላሊቷን፣ ቁርጥማቷን፣ ከዚያም ከበቅሎ ወድቃ ወገቧን አልሁት።

«ሦስት በሽታ ለአንድ አክስት አልበዛም?»

«ዕድሜ ነው ጓድ።»

ፈረመልኝ። ሳልጠይቀውም፣ «እኔም ቅዳሜ አልኖርም። አዴት ወርጄ የገበሬ ማኅበራትን አስተምራለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ይታይሽ ከሐይቁ ዳር ያነሣቻትን ለስላሳ ጠጠር መዳፌ ውስጥ አደረገች። «አፍህን ሲበላህ ይችን አገላብጥ። እባክህ አንተዬ» አለችኝ። እንቅልፉንም ዘዴ አበጅቼለታለሁ፤ መቋሚያ ተውሻለሁ፤ ቆሜ እውላለሁ።

ጀልባው ላይ ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። እኔ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ከተከናነበ አንድ ሰውዬ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከባሕር ዳር ትንሽ ራቅ እንዳልን የጣና ነፋስ የጋቢውን ጫፍ ገለጠው። ጓድ ወርቁ!

አየኝ። አየሁት። አንበሳሜ በዚያ ወገን ነው፣ አዴት በዚህ ወገን፤ ሁለታችን ግን ጣና መኻል ነን። ደወሉ ገና ስለሆነ ማውራት አልተከለከለም ነበር። ምን ይባላል? «አዴት እንዴት ነው?» ብለው፣ «አክስትህስ?» ይለኛል። ጋቢውን ወደ አፍንጫው መለሰ። እኔም ጠጠሬን ያለ ጊዜዋ አፌ ውስጥ ከተትኋት። ሁለታችንም በልባችን ሰኞን ነው የምናስብ። እኔ ስለ እሱ የማውቀውን እሱ ስለ እኔ ያውቃል፤ ልዩነቱ እሱ ማኅተም አለው።

ወደብ ወርደን በቡናው ሥር ባለችው ቀጭን መንገድ ወጣን። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማችንን ስናወልቅ ጓድ ወርቁ ወደ ኋላ ቀረት አለ። አየት አድርጌው ነበር። ግራ ቀኙን ገላምጦ ከደረት ኪሱ ቀዩን የፓርቲ ደብተሩን አወጣ። ወደ በሩ አየ፤ ወደ ደብተሩ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማው ውስጥ አስገባና ካልሲውን ጠቀጠቀበት። ይዞት መግባት ነውር ሆኖበት ነው። ያን ጊዜ ሰውዬውን ወደድሁት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድሁት።

ያ ደብተር ቀላል ነገር አይደለም። መታወቂያው የጠፋበት ሰው ፎቶ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላ ያወጣል። ያን ደብተር የጣለ ግን የት እንደጣለው፣ እዚያ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደነበረ አስረድቶ እስኪጨርስ ሰውነቱ ያልቃል። ጓድ ወርቁ ደግሞ «ከማን ጋር ነበርህ» ቢባል፣ ከእኔ ጋር ነው።

ደወሉ ተደወለ።

የዝምታውን ነገር አልነግራችሁም፤ ስላልነበረ። ውጭው ዝም አለ እንጂ ውስጤ ገበያ ነበር። የተሸበሸበ ጆሮ ያለው ሰውዬ ፊቴ ተቀምጧል፤ ስለ ጆሮው ለሰው መንገር ፈለግሁ። ዝንብ አባ ወልደ ሐና አፍንጫ ላይ ሦስት ጊዜ አርፋ ሦስት ጊዜ ተነሣች፤ ይህን ለማን ልንገር? ጠጠሬን አገላበጥሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ከቀትር በኋላ ወጥተን ግቢው ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ዛፍ ጥላ ሥር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። እኔ እንደቆምሁ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣ መዋሸት የለብኝም፣ ኮራሁ። ልጅቱ ስም ሊኖራት ነው። ይታይሽ ምን ብላ እንደምትጠራት እያሰብሁ ሳለሁ ነው አንድ ጦጣ ከዛፉ የወረደው።

ጦጣው ቀጥታ ወደ ጫማዎቻችን ሄደ። በተራ በተራ አያቸው። የእኔን ጫማ አነሣ፣ አሸተተ፣ በጥንቃቄ መልሶ አስቀመጠ። ከዚህ በላይ ስድብ ደርሶብኝ አያውቅም። ከዚያ የጓድ ወርቁን ቀኝ እግር ጫማ አንሥቶ ዛፉ ላይ ወጣ።

ከእኔ በቀር ያየ የለም። ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጓድ ወርቁም ከማዶ ጨፍኗል። አሳልሁ። አንድ ዓይኑን ገለጠ። በእጄ እግሬን አሳየሁት። ሁለት እጄን እንደ ደብተር ገለጥሁለት። ከዚያ ወደ ዛፉ ጠቆምሁ። አልገባውም። ጦጣ መሆኑን ለማስረዳት ብብቴን አከክሁ።

ጓድ ወርቁ ፊቱ አመድ መሰለ። ከወራት በኋላ እንደነገረኝ የተረዳው እንዲህ ነው፤ ደብተር ላይ እጽፍብሃለሁ፣ በእግርህ ትመጣለህ፣ ዛፍ ላይ ትሰቀላለህ። ማከኩን ደግሞ ጉቦ የምጠይቅ መሰለው። በጋቢው ሥር ሦስት ጣት አወጣና አሳየኝ። ሦስት ቀን ተጨማሪ ፈቃድ እሰጥሃለሁ ማለቱ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። አምስት አደረገው።

የበለጠ አከክሁ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና ሰሌናቸውን ይዘው ፈቀቅ አሉ። አባ ወልደ ሐና ከሩቅ አማተቡብኝ። አንድ ወፍራም መነኩሴ ቀስ ብለው ተነሡና ጠበል በቅል አምጥተው ከራሴ እስከ ወገቤ አጠመቁኝ። ውኃው ጣና ራሱ ነው የሚመስል፣ ይቀዘቅዛል። አልተነፈስሁም። ይታይሽ አይታኝ ቢሆን ብዬ አሰብሁ፤ እየተንጠባጠብሁ ዝም አልሁ።

ጦጣው ግን ቀጥሏል። ካልሲውን ጎትቶ አወጣና ወደ ታች ወረወረው። ከዚያ ቀዩን ደብተር አወጣ። ገለጠው። አንድ ገጽ አየ፣ ሌላውን አየ፤ የውይይት ክበባችን ውስጥ እንደዚያ በጽሞና የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጫፉን ነከሰው፤ ነክሶም ሐይቁ ላይ ወደተንጋደደው ቅርንጫፍ መሄድ ጀመረ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እስከ ደወሉ የቀረው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በአንድ በኩል ይታይሽ አለች፣ እጇ ልጅቱ ደረት ላይ። በሌላ በኩል ቤተ መቅደሱን አክብሮ ደብተሩን ከደጅ የተወ ሰው አለ። ቅርንጫፉ ተወዛወዘ። ይታይሽ፣ ይቅር በይኝ አልሁና፦

«ጓድ! ጦጣው ደብተርዎን!»

ጠጠሯ ከአፌ ወጥታ የዚያ ባለ ሽብሽብ ጆሮ ሰውዬ መላጣ ላይ አረፈች። ያን ማንም ልብ አላለውም። «ጓድ» ያልሁት አንድ ሰው ነው። ከየጋቢው ሥር ቀና ያለው ራስ ግን አሥራ አንድ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አለ። የውይይት ክበብ መሪያችን አለ። እሑድ ለስብሰባ በመዘግየቴ የቀጣኝ ሰውዬ አለ። አንዱማ ግራ እጁን ጨብጦ ግማሽ መንገድ ካነሣ በኋላ ነው ያለበትን ያስታወሰው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሥራ አንድ ሰው አዴት የሄደ ነው የሚመስል።

ጦጣው በጩኸቴ ደንግጦ ጫማውንም ደብተሩንም ለቀቀ፤ ደብተሩ ግን ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ያኔ ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አሥራ አንዱም በባዶ እግራቸው ተነሡ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ግማሹ ጦጣውን ከበበ፣ ሊቀመንበሩ ጀርባውን ሰጠ፣ የክበብ መሪው ጀርባው ላይ ቆመ፣ ጓድ ወርቁ ትከሻው ላይ ወጣ። እነዚህ ሰዎች አንድ የውኃ ቧንቧ የት ይተከል በሚል ነገር ስምንት ስብሰባ ተቀምጠው ያልተስማሙ ናቸው። አባ ወልደ ሐና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን ገባኝ። እሳቸውም መሳቅ አይችሉም፤ ደወሉ አልተደወለማ።

ደብተሩ ወረደ። አንድ ጥጉ የለም። ደወሉ ተደወለ።

የሌላው ሰው ምላስ ሲፈታ የእኔ ታሰረ። አባ ወልደ ሐና እግር ሥር ወድቄ፣ የሚስቴን ነገር፣ የልጅቱን ስም ማጣት፣ የክርስትናውን ቀን ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸን ሁሉ ጊዜ ሌላ ሰው የተሳለውን አፍ ይዘህ ነው የምትዞረው?» አሉኝ። «ሂድና የሆነውን ንገራት። ሳትጨምር ሳትቀንስ። የቀረውን እሷና እመቤቴ ይነጋገሩበት።»

«ሳልጨምር?»

«ከዝምታው ይኸ ሳይብስብህ አይቀርም» አሉኝ።

ጀልባው ላይ ጓድ ወርቁ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ጋቢውን ከፊቱ አውርዷል። «አክስትህ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ተሽሏታል። አዴትስ?»

«ደህና ነው።»

ከዚያ ሐይቁን እያየ፣ «ሳምንቱን ሙሉ እናገራለሁ። ቤቴ ስገባ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ድምፅ አለ። እዚህ ንግግር አድርግ የሚለኝ የለም» አለ። ስለ ጦጣው አላነሣም። እኔም አላነሣሁበትም፤ ይህን እንደ ውለታ ቁጠሩልኝ።

ቤቴ ስደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ይታይሽ ልጅቱን አቅፋ ደጃፍ ቆማለች። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ ብዋሽስ? ሴት ገዳሙ አትገባም፤ ያዩኝ አሥራ አንዱ ደግሞ አዴት ናቸው። «ዝም ብዬ ዋልሁ» ብል፣ ልጅቱ ዛሬውኑ ስም ይኖራታል።

«ዋልህልኝ?» አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። በዚያ ፊት ላይ አይዋሽም።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» አልኋት።

እጇ ልጅቱ ደረት ላይ ጠበቀ። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም አባ እንዳዘዙኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ መናገር ጀመርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥሮ የተናገርሁበት ቀን የለም። የጋቢውን ነገር ስነግራት ወለሉን ታያለች። ጓድ ወርቁ ደብተሩን ጫማው ውስጥ ስለማስገባቱ ስነግራት፣ «አየ፣ እሱም የእናት ልጅ ነው» አለች። ጦጣው ጫማዬን አሽትቶ መመለሱ ላይ ስደርስ ከንፈሯ ዳር ትንሽ ነቅነቅ አለ። ሦስቱ ጣት አምስት ሲሆን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጠበሉ ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። «ጓድ!» ስል አሥራ አንድ ራስ ቀና አለ ስላት፣ ይታይሽ ሳቀች።

ይታይሽ የመጀመሪያው ጽንሷ ከጨነገፈ ወዲህ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ሦስት ዓመት ነው። የተጠራቀመው ሁሉ ነው የመጣ። ሆዷን ያዘች፣ እንባዋ ፈሰሰ፣ መተንፈስ አቃታት። በመጨረሻ፣ «ያዝልኝ፣ ልጥላት ነው» ብላ ልጅቱን ወርውራ በሚባል አኳኋን እጄ ላይ አኖረቻትና ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አልጋው ላይ ተንከባለለች። እኔ ልጅቱን ይዤ ቆምሁ። ልጅቱ እናቷን አየች፣ ግራ ገባት፣ ደህና አድርጋ ተነፈሰች።

ሲወጣላት ዓይኗን እየጠረገች ተነሣች።

«ሦስተኛ አትሄድም» አለችኝ።

«ስእለቱስ?»

«ሁለት ጊዜ ሰጠኋት፣ ሁለት ጊዜ መለሰችልኝ። አፍህን ብትፈልገው ጦጣ ትልክብህ ነበር? እኔ ጃንጥላ እገዛላታለሁ።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለች። ብዙ አየቻት። «የሺመቤት» አለቻት። «እናትሽ ነኝ እኮ፣ የሺመቤት።»

«መቼ አወጣሽው?» አልኋት።

«ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች። ፈርቼ ነው።» እጇን ዘርግታ ልጇን ተቀበለችኝና በትከሻዋ ወደ በሩ ገፋችኝ። «ምን ቆመሃል? ውጣና ለሰው ንገር እንጂ።»

ጠበሉ ገና ሳይደርቅልኝ ወጣሁ። ከአጥር አጥር እየሄድሁ ስሟን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገርሁ። የጎረቤታችን እሜቴ ብርቄ ልጅቱ በተወለደች ዕለት ገንፎ ያገነፉ ሴት ናቸው። ልጅ እንዳለኝ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በሩን ሳንኳኳባቸው ኩራዛቸውን ይዘው ወጡና፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ተገኘ?» አሉኝ።

«እሜቴ፣ ልጅ አለችኝ» አልኋቸው። «የሺመቤት ትባላለች።»